ሰማዩን ከየት ሆነሽ ታዪዋለሽ?

የካቲት 4 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔም፣ አባዬም፣ ወንድሜም ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያለኝ አባዬ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን የምጽፈው ራሴ ነኝ።

ባለፈው በስልክ "ምን እየሠራሽ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ደህና ነኝ" ብዬ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። አባዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ስለሚያደርገው ቤቱ በሙሉ ያዳምጠኛል። እንደዚያ ሲሆን ምላሴ ይታሰራል። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ከስምንተኛ ክፍል በኋላ እንዳልቀጠልኩ ያውቃሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአጥራችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህሯን አግዛለሁ። ጠመኔ አመጣለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ። ከጥር መባቻ ወዲህ ደግሞ መምህሯ አንድ ትምህርት ለኔ ለቀቀችልኝ፤ ልጆቹ በየቀኑ አየሩን እያዩ እንዲመዘግቡ አስተምራለሁ።

ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ግቢው ይወጣሉ። አራት ነገር ያያሉ፤ ሰማዩን፣ ነፋሱን፣ ሙቀቱንና ዝናቡን። ለነፋሱ ረጅም እንጨት ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረናል። ለሙቀቱ ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። ለዝናቡ አናቱ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግርጌውን ቀብረን አቁመናል፤ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተለጥፎበታል። ከዚያ ይገቡና ሰንጠረዡ ላይ የካርቶን ፀሐይ ወይም ደመና ይለጥፋሉ።

መጀመሪያ ሁሉም ከፊቱ ያለው የለጠፈውን እያየ ነበር የሚለጥፈው። አንዱ ደመና ካለ ክፍሉ በሙሉ ደመና ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሁሉም አይቶ እስኪመለስ ድረስ ማንም ያየውን ለማንም አይናገርም። መምህሯ "ክፍሉን ፖሊስ ጣቢያ አደረግሽው፤ ምስክሩን ለየብቻ ነው የምትሰሚው" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አንድ ልጅ የጎረቤቱን አፍ ትቶ የራሱን ዓይን እንዲያምን ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም።

አንድ ችግር አለብን። ከጀመርን ወዲህ ጠብታ አልዘነበም። ልጆቹ በየቀኑ ጠርሙሱን አጎንብሰው አይተው "ባዶ" ብለው ይመጣሉ። ቴርሞሜትሩን በጭብጣቸው አሙቀው "ዛሬ ነደደ" የሚሉም አሉ፤ ለነሱ መድኃኒቱን ገና እየፈለግሁ ነው።

በጣም አስረዘምኩት። ይቅርታ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 27 ቀን

የኔ ዓይን አፋር፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እጅሽ ይባረክ። አንቱታው ግን ይቅር። ሳነበው ሥራ የምትለምኚኝ መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ የምቀጥርበት ቢሮ የለኝም። እትዬ በይኝ፣ አንቺ በይኝ፣ ይበቃል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ አንድ ቃል የማይወጣት ልጅ በወረቀት እንዲህ ታወራለች ብዬ መች ጠረጠርኩ። የምስክሩ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። አስተማሪ ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ሰው እርስ በርሱ ተመካክሮ ከመጣ እውነት የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠብታ አልዘነበም ያልሽው እርግጥ ነው? ጥርንም ጨምሮ? ልጆቹ የመዘገቡትን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀን በቀን ጽፈሽ ላኪልኝ። የሀገሬ አየር ናፍቆኝ ነው።

መልሱን ስትልኪ ለአባትሽ ማሳየት አያስፈልግሽም። እኔም ከእንግዲህ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤ በእጅሽ ሲደርስሽ ደስ ይልሻል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እዚህ ሰማዩ ደመና ነው። ሥራዬም፣ የምንከባከባቸው አሮጊትም ደህና ናቸው። ስለ ወንድምሽ "ደህና ነው" ብቻ ነው ያልሽኝ። ምን እየሠራ ነው?

አክስትሽ

*

መጋቢት 8 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? "አንቺ" ብዬ ስጽፍ ድፍረት ይመስለኛል፤ ግን እለምደዋለሁ።

የጠየቅሽኝን ከጥር መባቻ እስከ ትላንት ድረስ በሌላ ወረቀት ገልብጬ አያይዤዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ባዶ የሆኑት ልጆቹ ስለማይመጡ ነው። ያላዩትን እንዳይሞሉ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ላይ "ዝናብ፣ ሁለት ጣት" የሚል ታገኛለሽ፤ ሰርዤዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጠርሙሱ ውስጥ ውኃ ተገኘ። ክፍሉ በሙሉ ዘበኛውን ጠረጠረ፤ እኔም ጠርጥሬው ነበር፤ ጠርሙሱ ሣር ለማጨድ እንቅፋት ሆነብኝ ሲል ሰምቼዋለሁ። ኋላ ግን ድምቡሼ የምንላት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ከመጠጫዋ ቀንሳ የጨመረችው እሷ ናት። ለምን ስላት "ሁልጊዜ ባዶ፣ ባዶ ሲሉት አሳዘነኝ" አለች። ጠበቃዋ ግን አልማረቻትም። ጠበቃዋ የምንላት ነገር ሁሉ ላይ የምትከራከር የስምንት ዓመት ልጅ ናት። "ካሳዘነሽ አቅፈሽው መቀመጥ ትችይ ነበር፤ ለምን ትዋሺበታለሽ?" አለቻት። ዘበኛውን ይቅርታ የጠየቀው ግን ማንም የለም።

ልጆቹ አክስቴ ሩቅ ሀገር እንዳለች ሲሰሙ ያንቺንም አየር እንመዝግብ አሉ። ከሰንጠረዡ ጎን ላንቺ አንድ ረድፍ ጨምረናል። የአንድ ሳምንት ሰማይ፣ ነፋስ፣ ሙቀትና ዝናብ ጽፈሽ ላኪልን።

ለአባዬ አላሳየሁትም። ለምን እንዳላሳይ እንደፈለግሽ ግን እያሰብኩት ነው። የናፈቀሽ አየሩ ብቻ ከሆነ፣ አየር ከአባዬ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ወንድሜ ብየዳ ቤት ይሠራል። ደህና ነው።

የወንድምሽ ልጅ

*

ሚያዝያ 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን አለሽልኝ? መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ብልህ ነሽ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም። ጥር ላይ አባትሽ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጥሎ የክፍሌ የኋላ ግድግዳ እንደወደቀ፣ ክፍሏ ሰው የሚገባባት እንዳልሆነች፣ እስክትጠገን እንዳልመጣ ነው የጻፈልኝ። ወንድሜ ነውና አመንኩት። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ጠብታ አልዘነበም ይላል። እኔ ሳላስብሽ በሁለታችን መሐል ገባሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ያቺን ክፍል እናንተ ግቢ ያሠራኋት ስመለስ የምገባበት እንዳላጣ ነው። ሌላ የለኝም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ፤ ግድግዳው ወድቋል ወይ?

የልጆቹን ጥያቄ እነሆ፤

ሰኞ፣ ደመና፣ ነፋስ የለም፣ አይሞቅም አይበርድም፣ ዝናብ የለም።
ማክሰኞ፣ እንደዚያው።
ረቡዕ፣ እንደዚያው።
እስከ እሑድ እንደዚያው ነው።

አክስትሽ

*

ሚያዝያ 19 ቀን

ውድ እትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ስለ ግድግዳው አባዬ ራሱ ሊጽፍልሽ ነው። እኔ እንድጽፍልሽ የነገረኝም ነገር ነበር፤ እሱን አልጻፍኩም። አሁን ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ልጆቹ ግን አንድ ነገር ጠይቂያት ብለውኛል። አየርሽን ለክፍሉ አነበብኩላቸው። ድምቡሼ ሰባት ደመና ቆርጣ አዘጋጅታ ነበር። ጠበቃዋ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይቺ ሴትዮ አላየችም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ሰማይ እንደዚህ አይሆንም። አንድ ቀን እንኳን ይሳሳታል እኮ።"

ድምቡሼ "ምናልባት አሟት ተኝታ ይሆናላ" አለች።

"ተኝታም ቢሆን መስኮት አለ።"

"መስኮት ከሌላትስ?"

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ታስራ ይሆናል" አለ። ደመናዎቹን አልለጠፍናቸውም፤ ረድፍሽ ባዶ ነው።

ቤት ገብቼ ፖስታዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ጀርባ ላይ ያለው አድራሻ ድሮ የምናውቀው ነው። የሁለተኛው ሌላ ነው። ስለ አሮጊቷም በመጀመሪያው ላይ ደህና ናቸው አልሽኝ፤ በሁለተኛው ስማቸውን አላነሳሽም።

ሰማዩን ከየት ሆነሽ ታዪዋለሽ?

የወንድምሽ ልጅ

*

ግንቦት 6 ቀን

ለመርማሪዋ፣

ሰላም ብያለሁ። ወንድሜ ፖስታ እያገላበጠች የምትመረምር ልጅ ነው እንዴ ያሳደገው? ደብዳቤሽን ሳነብ ተናድጄ ጣልኩት። እኔ ስለ ግድግዳ ጠየቅሁ፤ እሷ ስለ መስኮት ትጠይቀኛለች። የቤተሰባችን መልስ እንዲህ ነው፤ ጥያቄን በጥያቄ መግደል። አባትሽም ልጅ ሆኖ "ማነው የሰበረው?" ሲባል "ለምን እዚህ አስቀመጣችሁት?" ነበር የሚለው።

ከዚያ ቆይቼ አነሳሁት። እነዚያ ልጆች ደመናውን አንለጥፍም ማለታቸው እየቆረቆረኝ መጣ። ማንም ሰው አላየችም ብሎ ጠርጥሮኝ አያውቅም። የሚጠራጠረኝ ሰው ሁሉ ወስዳለች፣ ደብቃለች፣ አስቀርታለች ብሎ ነው።

እንግዲያው ስሚ። አሮጊቷ የሉም። ልጆቻቸው ጥር ሳይገባ የአረጋውያን መኖሪያ አስገቧቸውና ቤቱን ዘጉት። የምኖረው እዚያው ስለነበር ከሥራዬም ከመኝታዬም በአንድ ቀን ወጣሁ። ወደዚያ የላካችሁትን ደብዳቤ ጎረቤት ያቀብለኝ ነበር፤ ሁልጊዜ እንዳላስቸግረው ነው በሁለተኛው ፖስታ ላይ ሌላ አድራሻ የጻፍኩት። አሁን የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ፤ የማድረው እዚያው ሕንፃ ሥር፣ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋር ነው። ሰማይ የለንም፤ አንድ አምፖል አለን። ቧንቧው ስለሚያልፍብን አይሞቅም አይበርድም ያልኩት ውሸት አይደለም። ደመና ያልኩት ግን ደመና ቢሆን ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።

ለአባትሽ ልመጣ አስቤያለሁ ብዬ የጻፍኩለት ከቤቱ በወጣሁ ሰሞን ነው። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ያሸነፈች እንጂ የተባረረች እህት እንድመስለው ፈለግሁ። እሱ ደግሞ ግድግዳ ጣለብኝ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ደረጃውን ወጥቼ ውጪ ቆምኩ። ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ረቡዕ፣ ሰማዩ ግማሹ ክፍት፣ ነፋስ ከግራ በኩል፣ ብርድ፣ ካፊያ። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ፀጉሬም በስብሷል።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ይህን ጓዳ መልቀቅ አለብኝ፤ ባለቤቱ እንደምናድርበት ደርሶበታል። የምሄድበትን የምወስነው ባንቺ መልስ ነው።

አክስትሽ

*

ግንቦት 21 ቀን

እትዬዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? የት አለሽልኝ ብል ይሻል ነበር። ይህ ደብዳቤ ከጓዳው ሳትወጪ እንዲደርስሽ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ግድግዳው ቆሟል። ሰሞኑን እውነተኛው ዝናብ ጀመረ፤ ጠርሙሱ ሞልቶ ልጆቹ ሊያብዱ ነበር። የክፍልሽ ግድግዳ ግን በውስጥ በኩል አልረጠበም እንኳን። አልወደቀም፤ ወድቆም አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ወንድሜና ሚስቱ አሉ። ጥቅምት መግቢያ ላይ አገባ። ላንቺ እንዳልጽፍ ተነግሮኝ ነበር። ድሮ እዚያ የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሳሎን ነው የምተኛው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልትወልድ ተቃርባለች።

ያኔ ያልጻፍኩልሽን አሁን ልጻፍልሽ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከአባዬ ጋር ዳማ ይጫወታል። የሚያዝያው ደብዳቤሽ ትምህርት ቤት በመጣ ዕለት ለአባዬ ነገረው። በጠርሙሱ ጉዳይ የጠረጠርነው ሰውዬ ነው፤ ብድሩን የመለሰ መሰለኝ። ከሥራ ስመለስ አባዬ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ እንደ አናጢነቱ ግቢያችን ውስጥ ደንበኛ ያዘዘውን በር እየገጠመ ነበር።

"ደብዳቤ መጣልሽ አሉ።"

"አዎ።"

"ምን አለች?"

"ዘንቧል ወይ አለች።"

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። "አንቺስ ምን አልሻት?"

"አልዘነበም።"

"እኔ ሳልነግርሽ?"

"ልጆቹ ያዩትን ነው የላክሁት።"

"ዝናብ እኮ በዚህ በኩል ይጥላል፣ በዚያ በኩል ይተዋል። የናንተ ጠርሙስ የሚያውቀው የትምህርት ቤቱን ግቢ ነው።"

ትምህርት ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ነው። ይህን በሆዴ ነው ያልኩት።

"ጥር ላይ አንድ ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ ልጆቹ ተኝተው ነበር በያት። አንድ መስመር ናት። ምን ይጎዳሻል?"

ወረቀት አመጣሁ፤ አጠገቤም ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። "ጥር" ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እጄ አልጽፍ አለኝ። "ነገ እጨርሰዋለሁ" ብዬ አጠፍኩት። በነጋው ሳልጨርሰው ሲያይ "ተይው፣ ራሴ እጽፍላታለሁ" አለኝ፤ ግን አልጻፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ወደ ፖስታ ቤት በኩል ስሄድ ካየኝ "ወዴት ነው?" ይለኛል፤ እኔም እሱ ሚስማር ሲመታ መዶሻው ጠንከር ካለ በኔ የተናደደ ይመስለኛል። ወንድሜም ስገባ ወሬውን ያቋርጣል። ቤት ውስጥ ሁላችንም አንዳችን የሌላችንን ፊት እየሰለልን ነው የምንበላው።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲመጣ ከኔ ቀጥላ ያየችው የወንድሜ ሚስት ናት። ልብስ ስታሰጣ እኔ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ደረሰችብኝ። ፈራኋት፤ ግን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ ቆመች።

"ክፍሉ የሷ ነው?"

"የሷ ነው።"

"አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን የማን ነው ብዬ ወንድምሽን ስጠይቀው 'የድሮ ዕቃ ነው' አለኝ። ሰዎች ሲመርቁን 'ቤታችሁ ይባረክ' ሲሉ እኔም አሜን እላለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባትሽን ንገሪያቸው። አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ እናገራለሁ፤ እኔ ከተናገርኩ ግን ጠብ ነው የሚሆነው" አለችኝ።

ማታ ራት ላይ ነገርኩት። እንደዚያ ብዙ ቃል ተከታትሎ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሮጊቷ እንደሌሉ፣ ጓዳ ውስጥ እንደምታድሪ፣ ያንን ጓዳም ልትለቂ እንደሆነ ነገርኩት። "ግድግዳው ቆሟል ብዬ ልጽፍላት ነው" አልኩ።

ወንድሜ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። አባዬ "አንቺ መናገር ከየት ተማርሽ?" አለኝ።

"ከሁለተኛ ክፍል።"

የሳቀ መሰለኝ፤ ግን አልሳቀም። "እህቴን፣ ቤትሽን ለልጄ ሰጠሁት ብዬ እንዴት ልንገራት? በዝናብ ባሳብብ ዝናብ አይቀየምም ብዬ ነው። እሷም ቢሆን ተባረርኩ ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

ክፍልሽን ይለቁልሻል ብዬ አልዋሽሽም። ወንድሜ አኩርፏል፤ ሚስቱ ደግሞ በዚህ ሆዷ የትም አትሄድም። በማግሥቱ ጠዋት ግን አባዬ ሳሎኑንና በረንዳውን በሜትር ሲለካ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ጣውላ አመጣ። "ለማን ነው?" ስለው "እንጨት ነው የምለካው" አለኝ። ለሚወለደው ሕፃን ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ ላንቺ ሳልጽፍ ቆየሁ። በረንዳው በጣውላ ተከፍሎ በርና መስኮት ወጣለት። እኔ አሁንም አላመንኩትም።

ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ ከበረንዳው ጠራኝ። ሜትሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ተንበርክኳል። ቀና ብሎ አላየኝም።

"እህቴ ቁመቷ ምን ያህል ነበር?"

"እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ነው ያየኋት። ያኔ ሁሉም ሰው ረጅም ነበር።"

"ከትከሻዬ በላይ ነበረች መሰለኝ" አለ። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ ዝቅ አደረገው፤ ከዚያ መልሶ ከፍ አደረገው። "በግምት የተሠራ አልጋ እግር ያሳጥፋል። ጠይቂያት።"

እትዬ፣ ቁመትሽን ጻፊልኝ። ጣውላውን ሳይቆርጠው ቶሎ ላኪው።

የወንድምሽ ልጅ